መሪው ሲከብድ፦ በአሮጌ የሞተር ጀልባ ላይ ጥፋቱን ከፋፍሎ ማግኘት

(የመግቢያ ሙዚቃ)

በጅቡቲ ከተማ በወደቡ፣ በሌስካል የጀልባ ማቆሚያ፣ በዓሣ አስጋሪዎቹ ወደብና በየጥገና ቤቱ ተሰማርታችሁ የምትገኙ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ሠልጥናችሁ በትልልቅ መርከቦች ሞተር ክፍል የምትሠሩ መሐንዲሶች፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ መኪና ስትጠግኑ ኖራችሁ እዚህ ባሕር ዳርቻ ወደ ጀልባ የተሸጋገራችሁ መካኒኮች፣ የዛሬው ትምህርት ሁላችሁንም ይመለከታል።

ርእሳችን የመሪ መክበድ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ የሞተር ጀልባ፣ ያት የምንለው ዓይነት፣ መሪው እየከበደ ይሄዳል። ነጂው በአንድ እጁ ያዞረው የነበረውን በሁለት እጁ ይታገለዋል። ጥፋቱ የት ነው? ፖምፓው ላይ ነው? ዘይቱ ነው? ወይስ ከውሃ በታች ያለው መቅዘፊያ ነው? በብዙ ጥገና ቤት የሚሆነውን ታውቃላችሁ። በግምት ፖምፓው ይፈታል፤ አዲስ ፖምፓ ከውጭ ይታዘዛል፤ ሳምንታት ይጠበቃል፤ ገንዘብ ይወጣል። መሪው ግን እንደከበደ ነው።

ዛሬ የምንማረው ዘዴ ይህን ያስቀራል። የመሪ ሥርዓት ከላይ እስከ ታች የተያያዘ ሰንሰለት ነው፤ የከበደውን ቦታ የምናገኘው ሰንሰለቱን በተራ እየለያየን፣ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ስንፈትን ነው። ምንም ዕቃ ሳይገዛ፣ በግማሽ ቀን ሥራ፣ አብዛኛው ጥፋት ይታወቃል።

በመጀመሪያ ነገሩን አቅልለን እንዳናየው አንድ ታሪክ እናንሳ። በፈረንጆች አቆጣጠር 1978 ማርች 16 አሞኮ ካዲዝ የተባለች ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በፈረንሳይ ብሪታኒ ጠረፍ በማዕበል ውስጥ ስትጓዝ መሪዋ ከሥራ ውጭ ሆነ። ከፖምፓው ወደ ሲሊንደሩ የሚሄደው የሃይድሮሊክ ቧንቧ ማያያዣ ቡሎኖች ተበጠሱ፤ ዘይቱ ፈሰሰ፤ መቅዘፊያው ያለ ልጓም ይወዛወዝ ጀመር። ሠራተኞቹ ሊጠግኑት ሞክረው አልቻሉም። ጎታች መርከብ ደርሶ ገመድ ቢያስርላትም ገመዱ ተበጠሰ። በዚያው ምሽት ፖርሳል አጠገብ ካለው ዓለት ላይ ወጣች፤ ከ220 ሺህ ቶን በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ወደ ባሕር ፈሰሰ። ጉዳዩን ያየው የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ1984 በሰጠው ውሳኔ የመርከቧ ባለቤቶች የመሪውን ሥርዓት በአግባቡ ባለመጠገናቸው ጥፋተኛ መሆናቸውን ገልጿል። ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነት ስምምነት፣ ሶላስ የሚባለው፣ በመሪ ላይ ያሉትን ደንቦች ያጠበቀው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው።

ያቶቻችን የዚያችን መርከብ ሲሶ እንኳ አያክሉም። ውሃው ግን ለትንሹም ያው ነው። ከጅቡቲ ከተማ ወደ ሙሻና መስካሊ ደሴቶች ስንሄድ ዙሪያው ኮራል ነው። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጉበት ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ በምታስገባው ጠባብ መተላለፊያ ውሃው በኃይል ይጎርፋል። በወደቡ መግቢያ ትልልቅ ኮንቴይነር ጫኞች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ሰዎች የዓሣ ነባሪ ሻርክ ለማየት ወደ አርታ ዳርቻ በጀልባ ይጎርፋሉ፤ ጀልባዎቹ ዋናተኞች አጠገብ ነው የሚዞሩት። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ መሪው ባዘዙት ቅጽበት መታዘዝ አለበት።

ደግሞ ልብ በሉ፤ መሪ በአንድ ቀን አይከብድም። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምራል፣ የነጂውም ክንድ አብሮ ይለምደዋል። ባለቤቱ «ይህች ጀልባ ድሮም እንዲህ ናት» የሚለው ለዚህ ነው። ለአንድ ቀን የያዛት ሌላ ነጂ ግን ወዲያው ይሰማዋል። ስለዚህ የሌላ ሰው እጅ ሲነግራችሁ ስሙት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በአብዛኞቹ መካከለኛ ያቶች ላይ ያለው የእጅ ሃይድሮሊክ መሪ ነው። ሁለት መርፌ አልባ ስሪንጆችን ውሃ ሞልታችሁ በቀጭን ቱቦ ብታገናኟቸው፣ አንዱን ስትገፉ ሌላው ይወጣል፤ መርሁ ይኸው ነው። መሪውን ስናዞር ከጀርባው ያለችው ትንሽ ፖምፓ ዘይቱን በአንዱ ቱቦ ወደ ኋላ ትገፋለች። ዘይቱ በጀልባዋ ጅራት ላይ ወዳለው ሲሊንደር ይገባና ዘንጉን ይገፋል። የሲሊንደሩ ዘንግ የመቅዘፊያውን ክንድ ይስባል ወይም ይገፋል። ክንዱ የመቅዘፊያውን ዘንግ ያዞራል፤ ዘንጉ የጀልባዋን ሆድ አልፎ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ከታች መቅዘፊያው ራሱ አለ።

ዘንጉ ሆዱን በሚያልፍበት ቦታ ውሃ እንዳይገባ በቃጫ ገመድ የታሸገ ማሸጊያ አለ። ከላይና ከታች ደግሞ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ቦኮላዎች አሉ። ጀልባዋ ሁለት መቅዘፊያ ካላት፣ ሁለቱን ክንዶች አንድ ማያያዣ ዘንግ ያገናኛቸዋል። አንዳንድ ጀልባ ላይ ሁለት መሪ አለ፤ አንዱ ከታች በክፍሉ ውስጥ፣ ሌላው ከላይ በሰገነቱ። አውቶፓይለት ካለ እርሱም የራሱን ፖምፓ በዚሁ ቱቦ ላይ አያይዟል።

ከእነዚህ በፊት በተሠሩት ጀልባዎች ላይ ከዘይት ይልቅ ካቦ ወይም ካቴና ታገኛላችሁ። በትልልቆቹ ላይ ደግሞ በሞተሩ ቺንጊያ የሚዞር ኃይል ሰጪ ፖምፓ አለ። በዚህ ዓይነት መሪ ላይ ሞተር ሲጠፋ መክበዱ የሚጠበቅ ነው። ሞተር ቀስ ብሎ ሲዞር ከብዶ ፍጥነት ሲጨምር የሚቀል ከሆነ ግን መጀመሪያ የዘይቱን መጠን በሰርባቶዮው፣ ቀጥሎ የቺንጊያውን መርገብ፣ ከዚያ የፊልትሮውን መዘጋት እዩ።

እዚህ ጅቡቲ ዕቃ ስትገዙ የሱቁ ሰው በፈረንሳይኛ ስም ስለሚያውቀው ጥቂት ስሞች ያዙልኝ። መቅዘፊያው ሳፍራን ይባላል። ሲሊንደሩ ቬሬን ነው። ዘንጉን የሚያሽገው ፕሬስ ኤቱፕ ነው። ያለ ስሙ ሄዶ በእጅ ምልክት ማስረዳት የተሳሳተ ዕቃ ይዞ ለመመለስ ይዳርጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ምርመራው እንግባ። ቁልፍ ሳታነሡ በፊት ነጂውን ጠይቁ። አራት ጥያቄዎች ናቸው።

አንደኛ፣ የከበደው ቀስ በቀስ ነው ወይስ ድንገት? ድንገት ከሆነ ከዚያ በፊት ምን ሆነ? ከኮራል ጋር ተነካክታችኋል? ጀልባዋ በቅርብ ወጥታ ተጠግናለች? ዘይት ተጨምሮባታል? ድንገት መክበድ ብዙ ጊዜ መታጠፍን ወይም ከጥገና በኋላ የመጣ ስሕተትን ያመለክታል።

ሁለተኛ፣ ታስራ ስትቆምም ይከብዳል ወይስ በፍጥነት ስትሄድ ብቻ? ቆማም የሚከብድ ከሆነ ነገሩ መፋተግ ነው፤ የሆነ ቦታ ብረት ወይም ማሸጊያ ይዟል። ስትሮጥ ብቻ ከሆነ ግን መቅዘፊያው ላይ የሚያርፈው የውሃ ጫና ነው፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደናል።

ሦስተኛ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል ይከብዳል? በአንድ በኩል ብቻ ከከበደ ዘይቱ እንዳይመለስ የሚይዙት ትንንሽ ቫልቮች ወይም የአንዱ ወገን ቱቦ ይጠረጠራል።

አራተኛ፣ ሁለት መሪ ካለ በሁለቱም ይከብዳል? ከላይኛው ብቻ ከሆነ ችግሩ ከዚያው ከላይኛው ፖምፓ ነው። የጅቡቲ ፀሐይ ሰገነት ላይ ያለውን የፖምፓ ዘንግ ፓራዎሊዮ ያደርቀዋል፤ በካምሲን ነፋስ የሚመጣው አቧራ ደግሞ ገብቶ ግራሶውን ያጠነክረዋል።

እዚህ ላይ አንድ መለያየት አስፈላጊ ነው። ከባድ መሪና ስፖንጅ የመሰለ መሪ አንድ አይደሉም። መሪው ስትለቁት ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ወይም ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ከበፊቱ የበለጠ ዙር ከጠየቀ፣ ውስጡ አየር ገብቷል ወይም ዘይት ጎድሏል። ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ሕክምናውም ዘይት ሞልቶ አየሩን ማስወጣት ነው። ዛሬ የምንናገረው ዙሩ ሳይጨምር ስለሚከብደው ነው።

ከጥያቄው በኋላ ልኬት። የሻንጣ መመዘኛ ሚዛን ይዛችሁ በመሪው ጠርዝ ላይ ያለችውን አንድ እጀታ ያዙበት፤ ቀስ ብላችሁ ሳቡና መሪው መዞር የጀመረበትን ኪሎ በደብተር ጻፉ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ መሐል ላይ፣ ዳር ላይ። ከዳር እስከ ዳር ስንት ዙር እንደሚዞርም ጻፉ። ይህ ቁጥር ከጥገናው በኋላ መሻሻሉን ያሳያችኋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም መሪው እየከበደ መሆኑን ክንዳችሁ ሳይለምደው ይነግራችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ጅራቱ ክፍል ውረዱ። ሥራው በንጋት ይሁን። በሙቀቱ ወራት ያ ክፍል ቀትር ላይ ለሰው አይሆንም፤ ክዳኑን ከፍታችሁ አየር ይግባ፣ ከላይ አንድ ሰው ይቁም፣ የሞተሮቹ ቁልፍ በወራጁ ሰው ኪስ ይሁን። እጃችሁን በክንዱና በማቆሚያው መካከል ፈጽሞ አታስገቡ፤ ከላይ አንድ ሰው ሳያውቅ መሪውን ቢነካ ጣት ይቆረጣል።

መጀመሪያ በዓይን እዩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ገመድ፣ መከላከያ ጎማ፣ የዓሣ መረብ ይታጨቃል፤ ክንዱ ሲዞር አንዱን ይነካና መሪው «ከበደ» ይባላል። ሁሉን አውጡ። ከዚያ የዘይት እርጥበት፣ ዝገት፣ የላላ ቡሎን ፈልጉ። አንድ ሰው መሪውን ሲያዞር እናንተ የሲሊንደሩን መቀመጫ ተመልከቱ። መቀመጫው የታሰረበት እንጨት በስብሶ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ የሲሊንደሩ ዘንግ ወደ ጎን እየተገፋ ስለሚሄድ ራሱ ውስጥ ይይዛል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ደረስን፤ አጥብቃችሁ ያዙት። ጀልባዋ ውሃው ጸጥ ባለበት ቦታ በደንብ ታስራ፣ የሲሊንደሩን ዘንግ ከመቅዘፊያው ክንድ ጋር ያገናኘውን ፔርኖ አውጡ። በዚህች አንዲት ሥራ ሥርዓቱን ለሁለት ከፈላችሁት። በአንድ በኩል ዘይቱ፣ ፖምፓውና ሲሊንደሩ ናቸው። በሌላው በኩል ክንዱ፣ ዘንጉ፣ ማሸጊያው፣ ቦኮላዎቹና መቅዘፊያው ናቸው።

ክንዱን በእጃችሁ ከዳር እስከ ዳር ግፉት። በጤናማ ጀልባ ላይ አንድ ሰው በእጁ ያለ ልፋት፣ በእኩል ስሜት ሊያስኬደው ይገባል። ከዚያ መሪውን አዙሩ፤ ሲሊንደሩ ባዶውን ስለሚገፋ ቀላል መሆን አለበት። ሦስት ውጤት ይኖራል። ክንዱ ከባድ፣ መሪው ቀላል ከሆነ ጥፋቱ ከታች ነው፤ ፖምፓውን አትንኩት። ክንዱ ቀላል፣ መሪው ከባድ ከሆነ ጥፋቱ በዘይቱ ወገን ነው። ሁለቱም ቀላል ሆነው ሲያያዙ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ነገሩ የአቀማመጥ ወይም የውሃ ጫና ጉዳይ ነው።

ክንዱ ከባድ የሆነበትን እንያዝ፤ በአሮጌ ጀልባ ላይ ቶሎ የሚረሳው ይህ ነው። ሁለት መቅዘፊያ ካለ ማያያዣውን ዘንግ አውጥታችሁ እያንዳንዱን ለብቻ ፈትኑ። አንዱ ቀላል ሌላው ከባድ ከሆነ ፍለጋው በግማሽ አጠረ። ሁለቱም ለየብቻ ቀላል ሆነው ሲያያዙ የሚከብዱ ከሆነ ማያያዣው ርዝመቱ ተዛብቷል፤ ሁለቱ መቅዘፊያዎች እርስ በርስ እየተገፋፉ ነው።

የከበደው አንዱ መቅዘፊያ የከበደበት መንገድም ይናገራል። በአንድ ቦታ እየያዘ በሌላው የሚለቅ ከሆነ ዘንጉ ታጥፏል፤ የኮራል ምት ምልክት ነው። እየቆረቆረ ጥቂት ከዞረ በኋላ የሚሻሻል ከሆነ፣ በመቅዘፊያው አናትና በጀልባዋ ሆድ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ዛጎል ለበስ እንስሳት ተጣብቀዋል። የዚህ ባሕር ውሃ ሞቃትና ጨዋማ ስለሆነ ወራት የቆመች ጀልባ በቶሎ ትለብሳለች። ጠላቂ አውርዱና ያስወግድላችሁ፤ ርካሹ ጥገና ይህ ነው።

ከዳር እስከ ዳር በእኩል የሚከብድ ከሆነ ግን ማሸጊያው ወይም ቦኮላው ነው። ማሸጊያውን በቀላሉ ታረጋግጣላችሁ። የሚያጠብቁትን ዳዶዎች በእኩል፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር ብቻ አላሉና ክንዱን እንደገና ሞክሩ። ማሸጊያው ከውሃ መስመር በታች ከሆነ የውሃ መሳቢያ ፖምፓው ሥራ ላይ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ውሃ ከገባ ወዲያው መልሱት። ክንዱ ከቀለለ ጥፋቱ ተገኘ፤ አንድ ሰው ጠብታ ባየ ቁጥር እያጠበቀ ቃጫውን አድርቆታል። ቃጫውን በአዲስ ለውጡ። አሮጌውን እንደያዘ ማጥበቅ ዘንጉን ይፍቀዋል። አይዝጌ ብረት ዘንግም በታሸገውና አየር በማያገኘው ቦታ ውስጥ ለውስጥ ይቦረቦራል፤ ስለዚህ ቃጫው ሲወጣ ዘንጉን በጥፍራችሁ ዳስሱት።

ማሸጊያው ላልቶም ካልቀለለ ቦኮላው ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙዎችን ያሳሳተ ነገር አለ። የቀድሞው የነሐስ ቦኮላ ሲያልቅ በቶርኖ ቤት ከናይለን ይሠራል። ናይለን ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ያብጣል። በሙቀትም ከነሐስ በአራት እጥፍ ገደማ የበለጠ ይሰፋል። ስለዚህ ሲገጠም በልኩ የነበረ ቦኮላ ከወራት በኋላ ዘንጉን አንቆ ይይዛል። ፕላስቲክ ካስፈለገ ውሃ በጣም ጥቂት የሚወስደው አሴታል የሚባለው ይሻላል፤ ለመስፋቱም ክፍተት ይተውለት። ይህን ለቶርኖ ባለሙያው በግልጽ ንገሩት። ዕቃው ለባሕር መሆኑን ካላወቀ ለመኪና እንደሚሠራው አጥብቆ ይሠራላችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዘይቱ ወገን እንሻገር፤ ክንዱ ቀላል ሆኖ መሪው የከበደበት ነው። እዚህም መለያየቱን እንቀጥላለን። መጀመሪያ ሌላውን መሪ ሞክሩ። ከዚያ አውቶፓይለቱን ከቱቦው የሚያገልለው ቫልቭ ካለ ዝጉት። ቀጥሎ በሲሊንደሩ አጠገብ ሁለቱን ወገን የሚያገናኘውን ማለፊያ ቫልቭ ክፈቱ። ዘይቱ በዚያ አቋርጦ ሲዞር መሪው ከቀለለ ከባዱ ሲሊንደሩ ነው፤ ዘንጉ ዝጎ ወይም ማኅተሙ አብጦ ይሆናል። ማለፊያው ተከፍቶም ከከበደ ቱቦው ወይም ፖምፓው ነው።

ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ተከተሉት። የታጠፈ፣ የተጨፈለቀ ቦታ ፈልጉ። በአሮጌ ጎማ ቱቦ ላይ ከውጭ ምንም ሳይታይ የውስጡ ሽፋን ተልጦ መንገዱን ይዘጋል፤ መሪ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከብድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለ ዘይት አጥብቄ የምናገረው አለ። አብዛኞቹ የእጅ ሃይድሮሊክ መሪዎች ቀጭን ዘይት ነው የሚፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ አይሶ 15 ወይም 22 የሚል ቁጥር ያለው። ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይለካል። «ጅቡቲ ሞቃት ስለሆነች ወፍራም ይሻላል» ብሎ 68 መሙላት ዘይቱን ከሦስት እጥፍ በላይ ያወፍረዋል፤ በእነዚያ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ለመግፋት ክንድ ይፈልጋል። የሞተር ዘይትም ያው ነው። ከሁሉ የከፋው የፍሬን ዘይት ነው፤ የመሪውን የጎማ ማኅተሞች ያሳብጣል፣ ያበላሻል። አንድ ጊዜ ከገባ ማኅተሞቹን ሁሉ ለውጦ ማጠብ ይጠይቃል። የመኪና ሙያ ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጋራዥ ውስጥ እጃችሁ የለመደው ጠርሙስ ለዚህ ሥራ እንደማይሆን አስቡ። የፖምፓው አምራች የጻፈውን አንብቡ፤ ጽሑፉ ጠፍቶ ከሆነ ከፖምፓው ሳህን ላይ የሞዴሉን ስም ወስዳችሁ ጠይቁ።

ካቦ ያላቸው ጀልባዎች ምርመራም ይኸው ነው። ካቦውን ከመቅዘፊያው ክንድ አላቁ፤ መሪው አሁንም ከከበደ ካቦው ነው። ጨው ገብቶ ከውስጥ የዛገ ካቦ ግራሶ ቢቀባበት አይድንም፤ ይለወጣል። ዛሬ የከበደው ነገ ይበጠሳልና አትጠብቁት።

ሦስተኛውን ውጤት እናንሳ፤ ሁለቱም ቀላል ሆነው በፍጥነት ብቻ ሲከብድ። መቅዘፊያው ላይ የሚያርፈው የውሃ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ጫና ለማቅለል የመቅዘፊያው ጥቂት ክፍል ከዘንጉ ወደ ፊት ይደረጋል፤ ሚዛን ይባላል። አንድ ሰው መቅዘፊያውን በሌላ ቅርጽ ለውጦ ከሆነ ሚዛኑ ጠፍቷል። የክንዱን ርዝመት ያሳጠረ ጥገናም እንዲሁ ያከብደዋል። የሲሊንደሩ ዘንግ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ራሱን ሲመታም መሪው ዳር ላይ ይደርቃል፤ መቅዘፊያውን ማቆም ያለበት በክንዱ ዳርና ዳር የተሠራው ማቆሚያ ነው፣ ሲሊንደሩ መሆን የለበትም።

እስካሁን ያልነውን በአንድ ምሳሌ እንያዘው። እንበል፣ በ1980ዎቹ የተሠራች፣ 15 ሜትር የምትሆን፣ ሁለት ሞተርና ሁለት መቅዘፊያ ያላት ያት ናት። መሪዋ በታችም በሰገነቱም፣ ወደ ሁለቱም ወገን፣ ቆማም ስትሄድም ይከብዳል። በሁለቱም መሪ ስለከበደ አንዱ ፖምፓ ብቻ ሊሆን አይችልም። ቆማም ስለከበደ መፋተግ ነው። ፔርኖው ሲወጣ መሪው ቀለለ፤ የዘይቱ ወገን ነጻ ወጣ። ማያያዣው ሲወጣ የግራው መቅዘፊያ በአንድ እጅ ሄደ፣ የቀኙ አልሄደም። የቀኙ ማሸጊያ ሲላላ ለውጥ የለም። ከዳር እስከ ዳር በእኩል ስለከበደ ዘንጉ አልታጠፈም። ጠላቂው ንጹሕ ነው አለ። የቀረው ቦኮላው ብቻ ነው። ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ ምን እንደሚፈታ፣ ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ ታወቀ። ከውሃ ማውጣት ዋጋ አለውና፣ ሳትወጣ በፊት ጥፋቱን ማወቅ የባለቤቱን ኪስና የመካኒኩን ስም ይጠብቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

መሪው መንገድ ላይ እያለ ቢከብድስ? ፍጥነቱን ወዲያው ቀንሱ፤ በግማሽ ስትቀንሱ ጫናው ወደ ሩብ ይወርዳል። አውቶፓይለቱን አጥፉ። ሁለት ሞተር ካለ መቅዘፊያውን መሐል ላይ አድርጋችሁ በሞተሮቹ ልዩነት ምሩ። ከኮራልና ከመርከቦች መንገድ ራቁ፤ ጥልቀቱ ከፈቀደ መልሕቅ ጣሉ። ችግሩ ከበረታ በሬዲዮ በቻናል 16 ጥሩ። እያንዳንዱ ያት በቀጥታ በመቅዘፊያው ዘንግ ላይ የሚገጠም የድንገተኛ ክንድ ሊኖረው ይገባል። ያለበትን ቦታ እወቁ፤ ታስራችሁ ሳላችሁ ገጥማችሁ ሞክሩት።

ትልልቆቹ መርከቦች ይህን በሕግ ይሠሩታል። በሶላስ ደንብ ዋናው መሪ መርከቡ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ መቅዘፊያውን ከአንዱ ወገን 35 ዲግሪ ወደ ሌላው ወገን 30 ዲግሪ በ28 ሰከንድ ውስጥ ማድረስ አለበት። ከወደብ ከመውጣቱ በፊት ባሉት 12 ሰዓታት ውስጥ መሪው ይፈተሻል፤ የድንገተኛ መሪ ልምምድ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይደረጋል። ይህ ደንብ ትንንሽ ያቶችን አያስገድድም፤ ነገር ግን ልማዱን መውሰድ ይቻላል። ገመድ ከመፍታታችሁ በፊት መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ለዓመታዊው ምርመራ በዚህ አገር የሚመቸው ጊዜ መስከረም ነው። የካምሲኑ ወራት አልፈዋል፣ አቧራው ሊጠረግ ይችላል፤ የጎብኚዎች ወቅት ደግሞ ገና አልጀመረም። በዚያ ወር የሲሊንደሩን ዘንግ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ ዘይቱን ጥቂት ቀድታችሁ ቀለሙን እዩ፣ የማሸጊያውን ቃጫ መርምሩ፣ በሚዛን የለካችሁትን ቁጥር ካለፈው ዓመት ጋር አስተያዩ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ከጠቆረ አርጅቷል፤ ይለወጥ።

ጣና ላይ የምትሠሩ ዘመዶች ያሏችሁም ይህን ትምህርት አካፍሏቸው። የጣና ውሃ ጨው ባይኖረውም፣ የመሪው ሥርዓትና የመፈተኛው መንገድ አንድ ነው።

ከመሰነባበታችን በፊት ቅደም ተከተሉን በደብተራችሁ አስፍሩ። ነጂውን ጠይቁ። ለኩና ጻፉ። ክፍሉን አጽድታችሁ በዓይን እዩ። ፔርኖውን አውጥታችሁ ሥርዓቱን ለሁለት ክፈሉ። የከበደውን ወገን እንደገና ክፈሉ። ጥፋቱ አንድ ቦታ ላይ እስኪቀር ድረስ ዕቃ አትግዙ። በዚህ መንገድ የሠራ መካኒክ ለባለቤቱ «ምናልባት» አይለውም፤ ፈትኖ ያየውን ይነግረዋል። ተሳፋሪውም ሕይወቱን የሚያምነው እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የሞተር ማቀዝቀዣ የባሕር ውሃ ፖምፓን ይዘን እንመለሳለን። እስከዚያው በጤና ቆዩ፤ ባሕሩ ይመቻችሁ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)